ዓሣ ነባሪ ሻርክ ወይስ ሻርክ ዓሣ ነባሪ?

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ጅቡቲ ነው። ባለፈው ጥር ልጆቼን ይዤ በጀልባ ወጥተን፣ ፈረንጆቹ «ዌል ሻርክ» የሚሉትን ግዙፍ ዓሣ አየን። ልጆቹ አማርኛቸውን እንዳይረሱ ብዬ ስለ እሱ አጭር ንባብ ጻፍኩላቸው። ስሙን «ሻርክ ዓሣ ነባሪ» ብዬዋለሁ። ባለቤቴ ግን «ዓሣ ነባሪ ሻርክ» በይው ይለኛል። ቀጥሎ ያሉትን ዐረፍተ ነገሮችም አልወደዳቸውም፦ «ይህ ዓሣ ነፍሳትን ለመመገብ ብሎ አፉን አሰፋ። ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ ዓይኑ ይጠፋል።» «አንቺ በምን አወቅሽ?» ብሎ ሳቀብኝ። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ስሙ ላይ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። አማርኛ ዋናውን ስም መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ቡና ቤት ቤት ነው፤ የቤት ቡና ግን ቡና ነው። ስለዚህ «ሻርክ ዓሣ ነባሪ» ሲሉ ልጆቹ የሚረዱት አንድ ዓይነት ዓሣ ነባሪ ነው። ያዩት እንስሳ ግን ሻርክ ነው። በስንጥብ፣ ማለትም በጎኑ ባሉት የዓሣ መተንፈሻዎች ይተነፍሳል፣ ጅራቱንም ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያወዛውዛል። ዓሣ ነባሪ አየር ለመሳብ ብቅ ይላል፣ ጅራቱንም ወደ ላይና ወደ ታች ይመታል። ዋናውን ስም ማስቀደም የግዕዙ ስልት ነው፤ «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ቤተ መንግሥት» እንደምንለው። እዚያ ግን «ቤት» ራሱ «ቤተ» ሆኖ ከሚከተለው ቃል ጋር ይያያዛል። ሁለት የአማርኛ ስሞችን ዝም ብሎ በማገላበጥ ያ አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ። «ዓሣ ነባሪ» የሚለው ስም ራሱ ዓሣ ያልሆነን እንስሳ ዓሣ ይላል። በቀድሞው መጽሐፍ ቅዱሳችን ዘፍጥረት ላይ «ታላላቅ አንበሪዎች» የሚል አለ። ማቴዎስ ላይ ደግሞ ዮናስ የነበረው «በዓሣ አንበሪ ሆድ» ነው። ዐንበሪ በግዕዝ ግዙፍ የባሕር አውሬ ነው። ቃሉ እንግዳ ሲሆንብን ጆሯችን «ነበረ» ወደሚለው ወደምናውቀው ግስ ጎትቶት «ነባሪ» ሆነ ብዬ አምናለሁ። እናም ዓሣ ያልሆነው «ዓሣ» ሲባል፣ እውነተኛው ዓሣ ደግሞ በዓሣ ነባሪ ስም ይጠራል። ልጆችዎ ግራ ቢጋቡ አይፍረዱባቸው። ለእነሱ ብዬ የምመርጠው «ዓሣ ነባሪ መሳይ ሻርክ» ነው። አንዴ እንዲህ ካስተዋወቁት በኋላ «ዌል ሻርክ» እያሉ ቢቀጥሉ ቅር አይለኝም።

መሳዩም ያለ ምክንያት አልመጣም። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በግዝፈትና በአበላል ነው። ዌል ሻርክ እስከ 18 ሜትር ይደርሳል፤ ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ነው። እንደ አንዳንዶቹ ዓሣ ነባሪዎች ውሃ እያጣራ ይበላል። ዝምድናቸው ግን በጣም የራቀ ነው። የዓሣ ነባሪ አባቶች ከ50 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በእግራቸው መሬት ላይ የሚሄዱ እንስሳት ነበሩ። ግብፅ ውስጥ ዋዲ አል ሒታን በሚባለው በረሃ የሚታየው አጥንት ትናንሽ የኋላ እግሮች የቀሩለት የጥንት ዓሣ ነባሪ ነው። የሻርክ ዘር ግን ከዚያ በብዙ ይቀድማል። እንደ ብዙ ተመራማሪዎች አቆጣጠር 450 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል። ያኔ ምድር ላይ ገና ዛፍ የሚባል አልነበረም።

የፊደል ሰው ነኝና የሳይንሳዊ ስሙን ታሪክ ሳልነግርዎ አላልፍም። አንድሩ ስሚዝ የተባለ ሐኪም፣ ደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን አጠገብ የተያዘ ዌል ሻርክ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1828 ስም አወጣለት። ትርጉሙ በግሪክኛ «ሞረድ ጥርስ» ነው። ጥርሶቹ ከመጥቃቃቸውና ከመብዛታቸው የተነሳ ሞረድ ይመስላሉና። ማተሚያ ቤት ላይ ግን አንዲት ፊደል ተሳሳተች። «ሪንኮዶን» መሆን የነበረበት «ሪኒዮዶን» ሆኖ ወጣ። በዚህች ፊደል የተነሳ አጻጻፉ ሲያወዛግብ ኖሮ፣ የእንስሳት ስያሜ ዓለም አቀፍ ኮሚሽን «ሪንኮዶን» ይሁን ብሎ የወሰነው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። የባሕር ሰዎች ደግሞ ስም ያወጡለት ከጀርባው ነጫጭ ነቁጦች ነው። በስዋሂሊ «ፓፓ ሽሊንጊ»፣ ሽልንግ የተበተነበት ሻርክ ማለት ነው። በማዳጋስካር «ማሮኪንታና»፣ ባለ ብዙ ኮከብ። የእኛ አማርኛ ከባሕር ርቆ ኖሮ እንጂ እንዲህ ያለ ስም አያቅተውም ነበር።

አሁን ወደ ግሶችዎ። መጀመሪያ ግን «ነፍሳት» የሚለውን ይቀይሩት። ልጆቹ ዝንብና ጉንዳን ይመስላቸዋል። «በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታት» ይበሉ፤ ከፍ ላሉት «ፕላንክተን»።

«ለመመገብ ብሎ አፉን አሰፋ» ላይ ሁለት ችግር አለ። «ብሎ» ሐሳብና ውጥን ያለው ያስመስለዋል። «አሰፋ» ደግሞ ሥራውን እሱ ራሱ እንደሠራው ይናገራል። የሆነው እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1995 ታይዋን ላይ በተያዘች አንዲት እርጉዝ ዌል ሻርክ ሆድ ውስጥ 300 ያህል ሽሎች ተገኝተዋል። ከዚያ ሁሉ ለወላጅነት የሚበቃው ጥቂት ነው። ከብዙ ሺህ ትውልድ በፊት ከወንድሙ ትንሽ ሰፋ ያለ አፍ ይዞ የተወለደው የተሻለ በላ፣ ተረፈ፣ ወለደ። ማንም አፉን አላሰፋም። አፉ ሰፋ። የቅርብ ዘመዶቹ ዛሬም ምንጣፍ ሻርኮች ይባላሉ። አብዛኞቹ ከባሕሩ ሥር፣ መሬቱ ላይ ተጋድመው የሚኖሩ ናቸው። ከእነዚያ መካከል እንዲህ ያለ ባሕር አቋራጭ መውጣቱ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ለዚህ ዓይነቱ ለውጥ አማርኛ የተዘጋጀ መሣሪያ አለው። «እየሰፋ መጣ» ይበሉ። «እየ» ቀስ ማለቱን ይይዛል። «መጣ» ደግሞ ከሩቅ ተነስቶ እኛ ዘንድ መድረሱን ያሳያል። ስለ ወደፊቱ ስናወራ ግን ግሱ ፊቱን ያዞራል፦ «እየሰፋ ይሄዳል»። ያለፈው ወደ እኛ ይመጣል፣ መጪው ከእኛ ይሄዳል። «ዝግመተ ለውጥ» የሚለው ከባድ ቃል ሳይነሳ ልጆቹ ነገሩን በዚህ ግስ ይረዱታል።

«ዓይኑ ይጠፋል» ደግሞ በአማርኛ «ይታወራል» ማለት ነው። እርስዎ ለማለት የፈለጉት «ዓይን አልባ ይሆናል» ይመስለኛል። ያም ቢሆን ባለቤትዎ መጠየቃቸው ተገቢ ነው። የዌል ሻርክ ዓይን ትንሽ ናት፤ ግን ቀረብ ብለው ቢያዩ ላይዋ ጥቃቅን ጥርስ በሚመስሉ ቅርፊቶች ተሸፍኗል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳዩት ነው። ሲያስፈልግም ዓይኗን ወደ ጉድጓዷ ይስባታል። እንዲህ የሚጠበቅ ዓይን ለባለቤቱ ሳይጠቅመው አይቀርም።

መቼም ልጆች መጪውን ቢያልሙ ደስ ይለኛል። ግሱ ግን ሕልም መሆኑን ይናገር። «ይሆናል» ብቻውን ቁርጥ ነው። «ይሆን ይሆናል» ግምት ነው። «ሊሆን ይችላል» በሩን ክፍት ይተወዋል። «ቢሆንስ?» ደግሞ ልጁን ራሱን ወደ ጨዋታው ይጠራል። ልዩነቱ የሰዋስው ጣጣ ብቻ አይደለም። ዌል ሻርክ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው እንስሳት ተርታ ተመዝግቧል። መርከብ ይገጨዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት ደግሞ ባሕሩ ሲሞቅ መኖሪያው ወደ መርከብ መስመሮች ሊጠጋ እንደሚችል ያመለክታል። «ሊጠጋ ይችላል» እንጂ «ይጠጋል» አላልኩም። «ይጠጋል» ካልን ያለቀ ነገር ይመስላል፤ «ይችላል» ካልን ግን መርከቡ ፍጥነቱን ቢቀንስስ የሚል ጥያቄ ይከተላል። ይህን ጥያቄ ልጆችዎ እንዲጠይቁ እፈልጋለሁ።

ንባብዎን እንዲህ አስተካክዬዋለሁ፦

«በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ያየነው ዓሣ ነባሪ መሳይ ሻርክ ነው። እዚያ የሚመጡት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ናቸው። አፉ በጣም ሰፊ ነው። ከረጅም ዘመን በፊት እንዲህ አልነበረም፤ በየትውልዱ እየሰፋ መጣ። አሁን በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ፍጥረታትን እያጣራ ይበላል። ከሚሊዮን ዓመታት በኋላስ? ነቁጦቹ ቢያበሩስ? አፉ ከዚህም እየሰፋ ይሄድ ይሆን? እናንተስ ምን ይመስላችኋል?»

ባለቤትዎ አሁንም «በምን አወቅሽ?» ካሉ፣ «ይሆን» የሚለውን ቃል ያሳዩአቸው።