ባዶውን መንገድም ቁጠረው

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ዕድሜዬ 29 ነው። ቪትዝ ይዤ በሁለት የታክሲ አፕ እሠራለሁ፤ ብዙ ጊዜ የምቆመው ፒያሳና አራት ኪሎ ነው። በቅርቡ የተመዘገብኩበት አፕ ለደንበኛ ዋጋ በጣም ይቀንሳል። ከእኔ ኮሚሽን አይቆርጥም። በሳምንት 70 ጉዞ ከሞላሁም ቦነስ አለው። ጓደኞቼ «የድሮውን አጥፋው፣ በዚህ ብቻ ሥራ» ይሉኛል። ግን ቀኑን ሙሉ ስሮጥ ውዬ ማታ የምቆጥረው ብር ያው ነው። እነሱስ እንዲህ አርክሰው እንዴት ያዋጣቸዋል? ምን ይመክሩኛል?
መ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ወንድሜ፣ የድሮውን አታጥፋው። ምክንያቱን ልንገርህ።

አሁን አያዋጣቸውም። ጉድለቱን የሚሸፍነው ባለሀብት ያስገባው ገንዘብ ነው። ተሳፋሪ ቶሎ የሚደርስ መኪና ይፈልጋል፤ ሹፌር ደግሞ ሥራ ባለበት ይበዛል። ስለዚህ አዲስ የገባ አፕ ሁለታችሁንም አንድ ላይ መሳብ አለበት። ለእሱ ርካሽ ዋጋ፣ ለአንተ ዜሮ ኮሚሽን። ሰው ከለመደ በኋላ ቦነሱ ይቀንሳል፣ ኮሚሽኑ ይመጣል።

የአሜሪካው የታክሲ አፕ ኡበርና የቻይናው ዲዲ ቻይና ውስጥ እንዲህ ገንዘብ ሲያፈሱ ከርመው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ኡበር ሥራውን ለዲዲ አስረክቦ ወጣ። በ2018 ደግሞ የደቡብ ምሥራቅ እስያውን ሥራ እዚያ ለሚፎካከረው አፕ፣ ለግራብ ሸጠ። የሲንጋፖር የውድድር ተቆጣጣሪ ጉዳዩን ሲመረምር፣ ከሽያጩ በኋላ ተሳፋሪ የሚከፍለው ዋጋ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጨመሩን አገኘ። ኡበርንና ግራብን በድምሩ 13 ሚሊዮን የሲንጋፖር ዶላር ገደማ ቀጣ። ለአንተ የሚጠቅምህ ግን ሌላው የተቆጣጣሪው ትእዛዝ ነው፤ ግራብ ሹፌሮቹን በሌላ አፕም እንዳይሠሩ እንዳያስር አዘዘ። ስልክህ ላይ ያለው ሁለተኛ አፕ ይህን ያህል ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ላይ ራይድም፣ ፈረስም፣ ዛይራይድም፣ ያንጎም መኖራቸው ለአንተ ጥሩ ነው።

እኛም አገር ሕግ አለ፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006። ገበያውን የያዘ ድርጅት ተወዳዳሪን ለማስወጣት ከወጪ በታች እንዳይሸጥ ይከለክላል። አዲስ ገቢው ግን ገበያውን ገና አልያዘም። ስለዚህ ሕጉን አትጠብቅ፣ ሂሳብህን ያዝ።

አባቴ የላዳ ሹፌር ነበር፤ ለገሀር ነበር የሚቆመው። የፀሐይ መከላከያው ላይ በላስቲክ ያሰራት ትንሽ ደብተር ነበረችው። ደንበኛ ባወረደ ቁጥር የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን አይቶ ይጽፋል። ባዶ ሲመለስም ይጽፋል። ማታ እናቴ ቡና ስታፈላ እኔ እደምርለት ነበር። ለባዶው መንገድ በቀይ እስኪርቢቶ አሰምርበታለሁ። አንዳንድ ቀን ገጹ ግማሹ ቀይ ነበር።

አንተም እንደዚህ አድርግ። ከፒያሳ ቦሌ 8 ኪሎ ሜትር ሄደህ 300 ብር ተከፈለህ እንበል። ለ8 ስታካፍለው 37 ብር ከ50 ይመጣል፤ ያስደስታል። ነገር ግን ደንበኛው ጋ ለመድረስ 2 ኪሎ ሜትር በባዶ ሄደሃል። ከቦሌ ሥራ አጥተህ 5 ኪሎ ሜትር በባዶ ተመልሰሃል። በጠቅላላው የነዳኸው 15 ነው። የደረሰህ በኪሎ ሜትር 20 ብር ነው ማለት ነው። ነዳጅ፣ ዘይትና ጎማ ገና አልተነሱም።

አሁን አዲሱ አፕ ያንኑ መንገድ በ240 ብር ሸጠው እንበል። ኮሚሽን የለም፤ ግን በኪሎ ሜትር 16 ብር ነው። የድሮው አፕ ከ300 ላይ 12 በመቶ ቢቆርጥ እንኳ 264 ይቀርሃል፤ 17 ብር ከ60። ማታ ብሩ ያው የሆነብህ በዚህ ምክንያት ነው። ቅናሹን የምትሸፍነው አንተም ጭምር ነህ።

ቦነሱንም እይው። ቅዳሜ ማታ 66 ላይ ከደረስክ የማያዋጣህን ጉዞ ሁሉ ትቀበላለህ። ያኔ የሚነዳህ የጎደሉህ 4 ጉዞዎች ናቸው። ቦነሱን ለ70 አካፍለህ በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ደምረው፤ ከዚያ ሁለቱን አፕ አወዳድር። ቦነሱ ሲያዋጣ ተቀበለው፣ ምንም ነውር የለውም። ብቻ ሌላውን ክፍት አድርገህ ያዝ።

ለአንድ ሳምንት ደብተር ያዝ። ገጹን ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ አብረን እንደምረዋለን።