«ልቡ በስብሷል» ብዬ የፈረምኩበት ጥድ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት ደወለችልኝ። በአንድ ወረዳ በአረንጓዴ ልማት ሥራ ላይ ከተመደበች ዓመት አልሞላትም፤ ቁጥሬን የሰጣት አንድ የድሮ ባልደረባዬ ነው። ከሰላምታው በኋላ ትንሽ ዝም አለችና «ጋሼ፣ ዛፉ በሽተኛ ስለሆነ ይቆረጥ የሚል ደብዳቤ መጥቶልኛል። ሄጄ ሳየው ግን አረንጓዴ ነው። ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችኝ።

«ያየሽውን ጻፊ» አልኳት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን የያዝኩት ቡና እጄ ላይ ቀዘቀዘ፤ ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ጠርታኝ አልሰማኋትም። ይህ ጥያቄ ለእኔም ቀርቦልኝ ያውቃል። እኔ ለማንም አልደወልኩም።

ይህን የምጽፈው እንደ እርሷ አዲስ ለተመደባችሁ ልጆች ነው። የችግኝ አተካከል አልነግራችሁም። ፕላስቲኩን ሳታወልቁ እንዳትተክሉ፣ ሥሩ ጉድጓድ ውስጥ እንዳይታጠፍ የመሳሰለውን ትምህርት ቤት ነግረዋችኋል፤ ካልነገሯችሁም ችግኝ ጣቢያ የምትሠራ ማንኛዋም እናት ከእኔ በተሻለ ታሳያችኋለች።

ጊዜው 1991 ዓ.ም. ነበር። ወጣትነት ነው ብዬ እንዳልሸፍነው አርባ አንድ ዓመቴ ነው። ከሽሮ ሜዳ ዝቅ ብሎ፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ፣ አንድ የሐበሻ ጥድ ቆሞ ነበር። ሁለት ጎልማሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ግንዱን አያዳርሱትም። ከሥሩ አንዲት እናት ቆሎ ይሸጣሉ፤ ጠዋት ከምዕራብ ጎን፣ ከሰዓት በኋላ ከምሥራቅ ጎን፣ ጥላው በዞረ ቁጥር ሰፌዳቸውን ይዘው ይዞራሉ። አጠገባቸው ሁለት ሊስትሮዎች አሉ። ግንዱ ደግሞ የሰፈሩ ማስታወቂያ ሰሌዳ ነው። የእድር ጥሪ፣ የሚከራይ ቤት፣ የጠፋ ልጅ፣ ሁሉም በሚስማር ይመታበታል። ወረቀቱ ዝናብ ሲበላው ይረግፋል፤ ሚስማሩ ይቀራል። ቅርፊቱ እየወፈረ ሲሄድ ሚስማሩን ውጦ ይደብቀዋል።

በዚያ መንገድ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ሊቆፈር ሆነ። በንድፉ ላይ የተሰመረው መስመር በቀጥታ በዛፉ ላይ ያልፋል። ሁለት ሜትር ጠምዘዝ ቢል ዛፉ ይተርፍ ነበር። ንድፉ ግን ጸድቋል፣ በጀቱ ተለቋል፣ ሰኔም እየደረሰ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሕጉ ትንሽ ልበል። አዋጅ ቁጥር 94/1986 ኮሶን፣ ዋንዛን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደኖች መቁረጥን ከልክሎ ነበር። ጥሩ አዋጅ ነው፤ የሚናገረው ግን ስለ ደን ነው። አስፋልት ዳር ብቻውን የቆመ ጥድ ደን አይባልም። ጫካ ውስጥ ላለው ጥድ አዋጅ ነበረው፤ ለዚህኛው የነበረው የእኛ ቢሮ የውስጥ አሠራር ብቻ ነው። በዚያ አሠራር መሠረት ጤነኛ አገር በቀል ዛፍ ከመቆረጡ በፊት ጉዳዩ ለበላይ ይቀርባል፣ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። «ለሕዝብ አደገኛ» የተባለ ዛፍ ግን በአንድ ባለሙያ ፊርማ ያልቃል። ባለሙያው እኔ ነበርኩ።

አለቃዬ ክፉ ሰው አልነበሩም። ቁረጥ አላሉኝም፤ ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እከራከር ነበር። በር ላይ ቆመው «ያ ጥድ አርጅቷል አይደል? እስኪ ሄደህ እየው» ብቻ ነው ያሉኝ። ምን ማየት እንዳለብኝ ገብቶኛል።

ሄድኩ። የእንጨት መዶሻዬን ይዤ ነበር። ወንዶ ገነት ስንማር አንድ መምህራችን ዛፍ እንደ በሽተኛ ደረት ይመታል ይሉን ነበር። ጤነኛ ግንድ ሲመታ ድምፁ ጠጣርና አጭር ነው፤ ልቡ የበሰበሰ ግን እንደ ከበሮ ያስተጋባል። የሐበሻ ጥድ ሲያረጅ በተሰበረ ቅርንጫፍ በኩል ፈንገስ ይገባበትና ላዩ አረንጓዴ ሆኖ ልቡ ሊበሰብስ ይችላል። ስለዚህ ቅጠል ብቻ አይቶ መፍረድ አይቻልም። (ለዚያች ልጅ በስልክ የሰጠሁት መልስ ጎደሎ መሆኑን አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት። ያየችው አረንጓዴ ቅጠል ነው፤ የግንዱን ድምፅ አልሰማችም።)

ዙሪያውን መታሁት። በደረት ከፍታ፣ ከጉልበት በታች፣ ከሥሩ መነሻ ላይ። ጠጣር ነው። አንዲት ቦታ ላይ ብቻ፣ ሚስማሮቹ ከበዙበት ጎን፣ ድምፁ ትንሽ የታፈነ መሰለኝ። ቅርፊቱ ለቆ ሊሆን ይችላል፤ ሚስማሮቹም ሊሆኑ ይችላሉ። ቆሎ የሚሸጡት እናት «ምነው ልጄ፣ ታሟል እንዴ?» አሉኝ። «እያየን ነው እማማ» አልኳቸው። ቢሮ ተመልሼ ቅጹ ላይ፣ «የጤና ሁኔታ» ከሚለው ፊት ለፊት፣ «ልቡ የበሰበሰ፣ ለእግረኛ አደገኛ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ተንቀጠቀጠ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ምሳ ሰዓት ደርሶ ርቦኝ ነበር።

የተቆረጠው ቅዳሜ ጠዋት ነው። መሄድ አልነበረብኝም፤ ሄድኩ። የሞተር መጋዙ ገና ሲጀምር ከተዋጠ ሚስማር ጋር ተጋጨና ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሁለተኛ ሰንሰለት አመጡ፤ እርሱም ሚስማር አገኘ። ቆራጩ የእድሩን ሊቀመንበር እየረገመ ከፍ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሽታው መጣ። የሐበሻ ጥድ ልቡ ቀይ ነው፤ ሲሰነጠቅ አዲስ እንደተቀረጸ እርሳስ ይሸታል፤ እርሳስም ይሠራበታል። መንገዱ በሙሉ መስከረም ላይ እንዳለ የአንደኛ ክፍል መማሪያ ክፍል ሸተተ።

ዛፉ ወደቀ። ጉቶው ላይ የቀረው ከጠርዝ እስከ መሐል ደረቅ፣ ቀይ፣ ድፍን እንጨት ነው። ጣት የምታስገባ ቀዳዳ የለውም። ቆራጩ መጋዙን አጠፋና በመዳፉ ብናኙን ጠራርጎ አየው። «ኢንጂነር፣ የቱ ጋ ነው የበሰበሰው?» አለኝ። ሊያሾፍብኝ አልነበረም፤ በእውነት ማወቅ ፈልጎ ነው። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም።

ሰዎቹ ቅርንጫፉን ሲጭኑ እኔ ጉቶው ላይ ጎንበስ ብዬ ቀለበቶቹን ቆጠርኩ። በእኛ አገር አንድ ቀለበት የግድ አንድ ዓመት አይደለም፤ በልግና ክረምት በተለያዩበት ዓመት ዛፉ ሁለት ሊሠራ ይችላል። ቢሆንም መቶ ስድስት ድረስ ቆጠርኩና ከዚያ ወዲያ ቀለበቶቹ ተጣብቀው ጠፉብኝ። በ1879 ዓ.ም. የተቆረቆረችው አዲስ አበባ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ዙሪያዋን ያለውን ጫካ ለማገዶና ለቤት ጨርሳ፣ እንጨት ከመጥፋቱ የተነሣ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ እንደነበር ታውቃላችሁ። በዚያው ዘመን በዳግማዊ ምኒልክ ጊዜ የገባው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን ባለችበት ያቆያት። ቆጠራዬ ትክክል ከሆነ ይህ ጥድ ያን የመጥረቢያ ዘመን በችግኝነቱ ያመለጠ ነው።

ቦዩ ተቆፈረ። ከዛፉ አራት እርምጃ አልፎ አንድ የመብራት ምሰሶ ነበር። ምሰሶውን ማንሳት ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ክፍያ ይጠይቃል። ስለዚህ ቦዩን ሁለት ሜትር ጠምዘዝ አደረጉት። ዛሬም ሄዳችሁ ማየት ትችላላችሁ፤ ጎርፉ እዚያ ጋ ሲደርስ ይታጠፋል።

የቆሎ ሻጯ እናት ለጥቂት ቀናት ጥቁር ጃንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ። ኋላ ወደየት እንደሄዱ አላውቅም። እድሩ ማስታወቂያውን ወደ መብራት ምሰሶው አዛወረ።

ግንዱ ተገምቶ ለሽያጭ ቀረበ። የተገመተው በማገዶና በጣውላ ዋጋ ነው፤ ሌላ መለኪያ አልነበረንም። በ2008 እ.ኤ.አ. በለንደን በርክሌይ አደባባይ ያለ አንድ የመንገድ ዛፍ 750 ሺህ ፓውንድ ተገመተ የሚል ዜና ሳነብ መጀመሪያ ሳቅሁ። የግንዱን ውፍረት፣ የጤንነቱን ደረጃ፣ ስንት ሰው በአካባቢው እንደሚኖርና እንደሚያየው ደምረው አባዝተው ነው። በኋላ ሳስበው ቁጥሩ ትክክል ይሁን አይሁን ግድ አልሰጠኝም። እንዲህ ያለ ቁጥር ቅጼ ላይ ተጽፎ ቢሆን አለቃዬ በር ላይ ቆመው «እስኪ እየው» ባላሉኝ ነበር። ቦይ ጠምዝዙ ማለት ይቀላቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ጀግና የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ሁለት ዓመት ያህል ምንም ዓይነት የቆረጣ ፈቃድ አልፈርምም ብዬ አስቸገርኩ። አንድ ያዘመመ ባሕር ዛፍ ነበር፤ ሰፈርተኛው ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገባ፤ እኔ ግን ጥዱን እያሰብኩ አልፈርም አልኩ። ሐምሌ ላይ በሌሊት ወድቆ የአንድ ሱቅ ጣራ ሰበረ። ሰው አልነበረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስለዚህ ዛፍ አትቁረጡ የሚል ምክር ከእኔ አትጠብቁ። መቁረጥ የሥራችን ግማሽ ነው፤ የሚወድቀውን መቁረጥ የማይደፍር ባለሙያ የሚቆመውንም አያድንም። እንዲህ እያልኩም የሞተር መጋዝ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ዛሬም መስኮት እከፍታለሁ።

የሌላውንም ጥፋቴን ልናዘዝ። ከመብራት ሽቦ ሥር ግራቪሊያ ያስተከልኩት እኔ ነኝ፤ ቶሎ ያድጋል ብዬ። ቶሎ አደገ። አሁን በየዓመቱ መጥተው አናቱን ይጎምዱታል። ወፍራም ቅርንጫፍ ከመሐሉ ሲቆረጥ ቁስሉ አይድንም፤ ውኃ ይገባዋል፣ ይበሰብሳል። ከቁስሉ ዙሪያ የሚፈነዱት አዳዲስ ቀንበጦች ደግሞ ከላይ ብቻ የተለጠፉ ስለሆኑ ነፋስ ይገነጥላቸዋል። መቆረጥ ካለበት ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚወጣበት፣ አበጥ ካለው አንገት ወጣ ብሎ ነው። ይህን ለስንት ሠራተኛ እንዳሳየሁ አላውቅም፤ የተሰጣቸው ግን መጋዝ እንጂ ጊዜ አልነበረም።

ስለ ሥርም አንድ ነገር፤ ይህን ማንም አይነግራችሁም። ዛፍ በአንድ ቀን አይገደልም። ለውኃ ቱቦ ወይም ለስልክ መስመር ሲቆፈር በአንድ ጎን ያለው ሥር በሙሉ ይቆረጣል፤ ጉድጓዱ ይሞላል፤ ዛፉም አረንጓዴ ሆኖ ሁለት ሦስት ዓመት ይቆያል። አንድ የክረምት ሌሊት ሲወድቅ «ነፋስ ጣለው» ተብሎ ይመዘገባል። ያስቆፈረው ሰው በዚያን ጊዜ ተዛውሯል። የሚጠጣው ሥር አብዛኛው ከመሬት በታች ክንድ በማይሞላ ጥልቀት ነው ያለው፤ የቆፋሪ ዶማ መጀመሪያ የሚያገኘውም እርሱን ነው። ስለዚህ ቅጻችሁ ላይ ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ጎን እንደቆፈረ የሚጻፍበት መስመር ከሌለ በእጃችሁ ጨምሩ።

የዛሬ ልጆች ስልካችሁን ትወዳላችሁ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አረንጓዴ አሻራ በመጣ ቁጥር ችግኝ ይዞ ፎቶ የማይነሣ የለም፤ ታኅሣሥ ላይ ጀሪካን ይዞ የሚነሣ ግን አላየሁም። በየአካፋዩ የሚተከለው ዘንባባም ያምራል፤ ቆሎ የሚሸጡ እናት ግን ከሥሩ አይጠለሉም። ሽማግሌ ነው፣ ያማርራል በሉኝ። ነገር ግን ያች ልጅ ስልኩን ከዘጋን በኋላ የዛፉን አሥራ አንድ ፎቶ ላከችልኝ፤ ከአራቱም ጎን፣ ከሥሩ፣ ከአናቱ፣ ቅርፊቱ ከተላጠበት፣ አጠገቡ ካለው አዲስ ጉድጓድ ጭምር፣ ቀንና ሰዓቱ ታትሞበት። እኔ በ1991 አንዲት ፎቶ አላነሣሁም። ቢኖረኝ ራሴው እደብቃት ነበር መሰለኝ።

ዛፉ ወይራ ነው። በፎቶው ላይ አንድ ቁስል አየሁበት፤ አላማረኝም። ላይ ላዩን አረንጓዴ ነው፣ ውስጡን ግን ከዚህ ሆኜ ማወቅ አልችልም። ምናልባት ደብዳቤው እውነት ይሆናል። ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አብረን ልንሄድ ተቀጣጥረናል። መዶሻዬን ከዕቃ ቤት አወጣሁት፤ ጡረታ ከወጣሁ ስምንት ዓመት ስላልነካሁት ደርቆ እጀታው ላልቷል። እንዲያብጥ ከትናንት ማታ ጀምሮ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሬዋለሁ።