መልስ፦ ላሲክስ ለልጅ ስንት ሰዓት ይሰጥ?
እህቴ፣ ልብ ላመማት ልጅሽ በቀን ሁለቴ የታዘዘው ላሲክስ (በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመን ውሃ በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት) ሌሊት በሽንት እየቀሰቀሳት እንቅልፍ አሳጣን ብለሻል። ሐኪሟን አማክሪና አንዱን ጠዋት፣ ሁለተኛውን ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ አድርጊው፤ ማታ ላይ ከሰጠሻት አትተኛም። በሻይ ማንኪያ እንዳትለኪ አደራ! ፒያሳ ካሉት ፋርማሲዎች አንዱ ገብተሽ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ግዢ፣ መድኃኒቱ የቱ መስመር ላይ መድረስ እንዳለበት ፋርማሲስቱ ራሱ በእስክሪብቶ ያስምርልሽ። ያመለጠ ካለ ደርበሽ አትስጪ። ከሁሉ በላይ ግን፣ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዛት፣ አፏ ከደረቀ፣ ሽንቷ ከቀነሰ ወይም ስታለቅስ እንባ ካጣች ሰውነቷ ውሃ እያለቀበት ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ከመስጠትሽ በፊት ሐኪሟ ጋ ደውዪ፤ ካላገኘሽው ወይም ከደከመች ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት፣ ጠርሙሱንም ያዢ።