መገንጠያው ላይ ባቡሩ ለምን ይቆማል?

ጥያቄ፦ በ16.5 ሚሊ ሜትር ሀዲድ የሚሄድ ሞዴል ባቡር አለኝ። ትንሿ ሎኮሞቲቭ መገንጠያው (መስመሩ ለሁለት የሚከፈልበት) መሃል ስትደርስ ቀጥ ትላለች፤ ትልቁ ሲያልፍ ደግሞ አንዳንዴ ሾርት ያደርግና መስመሩ በሙሉ ይጠፋል። ሽቦ ልጨምር ብዬ የመበየጃ ካውያ ብጠቀም ሀዲዱን የያዘው ፕላስቲክ ቀለጠብኝ። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ሁለቱም ጣጣ ከፍሮጉ ነው፤ ማለትም የውስጥ ሀዲዶቹ ተገናኝተው ቪ ቅርጽ ከሚሠሩበት ብረት። ለፍሮጉ ኤሌክትሪክ የሚደርሰው ተንቀሳቃሹ ምላስ (ባቡሩን ወደ አንዱ መስመር የሚመራው ሹል ሀዲድ) የዳር ሀዲዱን ሲነካ ብቻ ከሆነ፣ መነካኪያው ላይ ትንሽ አቧራ ከገባ ፍሮጉ ይሞታል። ትንሿ ሎኮሞቲቭ የምትቆመው ለዚህ ነው። ሾርቱን የሚያመጣው ደግሞ ከዳር ሀዲዱ ያልተጠጋው ሌላኛው ምላስ ነው። ከፍሮጉ ጋር ስለተያያዘ አጠገቡ ካለው የዳር ሀዲድ ተቃራኒ ፖላሪቲ (ፖዘቲቭ ወይም ኔጌቲቭ) ይይዛል፤ በዳር ሀዲዱ ላይ የሚሄድ ጎማ በጀርባው ምላሱን ከነካ ሁለቱን ያገናኛል።

ስለዚህ ምላሶቹን ከፍሮጉ ቆርጠው ይለዩ፤ እያንዳንዱን ምላስ አጠገቡ ካለው የዳር ሀዲድ ጋር በአጭር ሽቦ ያያይዙ። ከፍሮጉ አልፈው በሚወጡት ሁለት የውስጥ ሀዲዶች ላይም የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ያድርጉ። በመጋዝ ከቆረጡ ክፍተቱን በፕላስቲክ ቁራጭ ይሙሉት፤ ባዶ ከተተወ ሀዲዱ በሙቀት ሲለጠጥ ይገጥማል። ከዚያ ከፍሮጉ አንድ ሽቦ አውጥተው ባለ ሦስት እግር ስዊች መሃል እግር ላይ ያስሩ፤ የዳር እግሮቹ ወደ ሁለቱ የዳር ሀዲዶች ይሄዳሉ። ስዊቹ ከምላሶቹ ጋር አብሮ መዞር አለበት፤ ብዙ የመገንጠያ ሞተሮች ይህን ስዊች አብረው ይዘው ይመጣሉ። ፍሮጉ ሁልጊዜ ምላስ ከተጠጋው የዳር ሀዲድ ጋር አንድ ነው፤ በመልቲሜትር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ይፈትሹት። በሁለቱም አቅጣጫ ሾርት ካደረገ የዳር እግሮቹን ሽቦ ያቀያይሩ፣ ሌላ አይነካካ።

ፕላስቲኩን ያቀለጠው የካውያው ጉልበት ሳይሆን ደካማነቱ ሳይሆን አይቀርም። ደካማ ካውያ ሀዲዱ ላይ ብዙ ስለሚቆይ ሙቀቱ ወደ ታች ይወርዳል። 350 ዲግሪ አካባቢ የሚደርስ፣ ጫፉ ወፈር ያለ ይምረጡ። የሀዲዱን ውጫዊ ጎን እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ፤ ሀዲዱንም ሽቦውንም ለየብቻ በስሱ ሊድ (ቀልጦ የሚያጣብቀውን የመበየጃ ብረት) ያልብሱ፤ ከዚያ አገናኝተው 2 ወይም 3 ሰከንድ ብቻ ይንኩ። ግራና ቀኙን በእርጥብ ጥጥ ይያዙት። በውስጥ በኩል ግን በፍጹም፤ የጎማው ከንፈር (ወጣ ያለው ጠርዝ) የሚያልፈው እዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ለብየዳው የቧንቧ ፍላክስ (ሊዱ እንዲይዝ ብረቱን የሚያጸዳ ቅባት) ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም። አሲድ ስላለው ሽቦውን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የሮዚን (የዛፍ ሙጫ) ፍላክስ ያለበት 60/40 ሊድ፣ ማለትም 60 በመቶ ቆርቆሮ 40 በመቶ እርሳስ የሆነ፣ ይበቃል።