ጥያቄና መልስ፦ ከጌታቸው ጎን የሚነፋው ማነው?

ጥያቄ፦ ጌታቸው መኩሪያ ከኔዘርላንዱ ዘ ኤክስ ቡድን ጋር የሠራውን «ሞአ አንበሳ» አልበም (እ.ኤ.አ. 2006) በፍላሽ ገልብጬ በስልኬ እሰማለሁ። ሳክስፎኑ አንድ ነው ሁለት? ከሥር የሚያጉረመርመውስ ምንድን ነው? የሚፋቀው ማሲንቆ ይሆን?
(አንባቢ፣ ከደሴ ቧንቧ ውሃ)

መልስ፦ ሳክስፎኖቹ ሁለት ናቸው። የጌታቸው ቴነር የሚባለው የሳክስፎን ዓይነት ነው፤ ወፍራም፣ ሰፊ ንዝረት ያለው። ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ማውጣቱ መለያው ስለሆነ፣ ሐረጉን እንደ ፎካሪ ቆርጦ ሲጥል ጌታቸው ነው ይበሉ። ብሮዲ ዌስት አልቶ ሳክስፎን ይነፋል፤ መሣሪያው ከቴነር በአምስት ግማሽ ድምፅ ከፍ ስለሚል ይቀጥናል፣ ይሾላል።

ብዙ ሰው የሚስተው ክላርኔቱን ነው፤ ነፊው ዣቪዬ ሻርል ነው። ውስጡ ከላይ እስከ ታች ወጥ ስፋት ያለው ቱቦ ስለሆነ ዝቅ ሲል እንደ ባዶ ቀርከሃ ያስተጋባል። ሳክስፎን ግን ወደ ጫፉ እየሰፋ ስለሚሄድ ድምፁ ሞላ ይላል።

ለጉርምርምታው ጅማሬውን ያዳምጡ። ቤዝ ጊታር ከሆነ ክሩ ሲመታ ይሰማል፤ ትሮምቦን (ቱቦው እየተሳበ የሚነፋ መሣሪያ) ከሆነ ከትንፋሽ ተነሥቶ ከኖታ ወደ ኖታ ይንሸራተታል። ትሮምቦኑ የዮስት ቡይስ ነው። ማሲንቆ ግን የለም፤ የሚፋቀው የኤሌክትሪክ ጊታር ክር ነው።

የስልክ ድምፅ ማጉያ ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣ በጆሮ ማዳመጫ ይስሙ፤ መጀመሪያ የግራውን፣ ቀጥሎ የቀኙን ብቻ። የተገለበጠው ፋይል ጥራት በሰከንድ 64 ኪሎቢት ከሆነ አልቶና ክላርኔት ስለሚቀላቀሉ ቢያንስ 192 ይፈልጉ። ከዚያ አንዱን መሣሪያ ብቻ ይዘው እስከ መጨረሻው አብረው ያንጎራጉሩ።