ጃቫ ለጀመራችሁ የድሬ ልጆች

በሰው አገር ከሌሊት ፈረቃ መልስ ኮሌጅ የምትገቡ፣ ጃቫ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የመጀመሪያውን የኦብጀክት ኦሬንትድ ፕሮግራሚንግ (ፕሮግራምን እንደ ዕቃ በተሰናዱ ክፍሎች የመገንባት) ኮርስ የያዛችሁ ወገኖቼ፣ እኔም በዚያው መንገድ አልፌ ዛሬ ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ ወጣቶችን አስተምራለሁ። ማታ ማታ ስልኬ የሚጮኸው በእናንተ ነው፤ ስሞታውም አንድ ዓይነት ነው፦ «ትርጉሙን ሁሉ አጥንቼ ነበር፣ ፈተናው ላይ ግን ጠፋብኝ።»

ሽምደዳ ማትሪክ አሳልፎናል፣ አልክድም። ኢንካፕሱሌሽን፣ ኢንሄሪታንስ፣ ፖሊሞርፊዝም የሚሉትን የኮርሱን ቃላት እንደ ዳዊት ብትደግሙ ግን መምህሩ የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ ጥቂት መስመር ኮድ ሰጥቶ «ይህ ሲሠራ ምን ያትማል?» ይላችኋል።

ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ከዚራ ሰፈር የሚመላለሱትን ባጃጆች አስቡና ባጃጅ የሚባል ክላስ፣ ማለትም የባጃጅ ንድፍ፣ ጻፉ። ታርጋ ይኑረው፣ ገቢው ከዜሮ ይጀምር፣ «ጫን» የሚባለው ሜተድ (ባጃጁ የሚሠራው ሥራ) የተቀበለውን ሒሳብ ገቢው ላይ ይደምር። ገቢውን ፕራይቬት አድርጉት፤ አለበለዚያ ከውጭ ያለ ኮድ ሁሉ እንዳሻው ይለውጠዋል። ክላሱ ሲጻፍ ገና አንድም ባጃጅ የለም፤ የሚፈጠረው ኒው (new) የሚለውን የጃቫ ቃል በጻፋችሁ ጊዜ ነው። አሁን አንድ ባጃጅ ፈጥራችሁ «ሀ» በሉት። ቀጥሎ «ለ = ሀ» ብላችሁ ጻፉና በ«ለ» በኩል «ጫን»ን 50 ብር ስጡት። የ«ሀ» ገቢ ስንት ሆነ?

ዜሮ የሚል አይጠፋም። መልሱ 50 ነው። ኒው የተባለው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ባጃጁ አንድ ነው፤ ሁለቱም ስሞች ወደ እሱ ይጠቁማሉ። አንድ ሳጥን ሣሉ፣ ከሁለቱም ስሞች ቀስት አውጡ። «ሁለቱ ጽሑፎች አንድ ሆነው ሳለ በድርብ እኩል ምልክት (==) ሳነጻጽራቸው ፎልስ (ሐሰት) ይለኛል» የምትሉትም መልሱ እዚሁ ሥዕል ላይ ነው። ምልክቱ የሚጠይቀው ቀስቶቹ አንድ ሳጥን ላይ ማረፋቸውን ነው፤ ይዘቱን ለማነጻጸር ኢኩዋልስ (equals) በሚባለው ሜተድ ተጠቀሙ።

ጃቫ የክላስና የቫሪያብል (እንደ «ሀ» እና «ለ» ያለ መጠሪያ) ስም በእኛው ፊደል ቢጻፍም ይቀበላል። ቤት ውስጥ ስትለማመዱ ሞክሩት፤ እናንተ ያወጣችሁት ስም የትኛው፣ የጃቫ የራሱ ቃል የትኛው እንደሆነ ዓይን ወዲያው ይለያል። ለመምህሩ የምታስረክቡት ሥራ ግን በእንግሊዝኛ ይሁን።

ባጃጁን የልጅ ጨዋታ አድርጋችሁ አትናቁት። ይህ የኦብጀክት አስተሳሰብ ራሱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ኦስሎ ውስጥ ኦሌ ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጎር ሲሙላ የተባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ሲሠሩ የተወለደ ነው፤ ሐሳባቸውም የገሐዱን ዓለም አሠራር በኮምፒውተር ማስመሰል ነበር።

«አንተ ጻፍልኝ፣ እኔ ላስረክብ» የምትሉኝ ደግሞ አላችሁ። አልጽፍም፤ ድሬ ውስጥ በገንዘብ የሚጽፍላችሁም አትፈልጉ። ሞስን የመሰሉ፣ የተማሪዎችን ኮድ እርስ በርስ አመሳክረው ቅጂ የሚያጋልጡ ፕሮግራሞች የቫሪያብል ስም ስለተቀየረ ብቻ አይታለሉም፤ ጉዳዩም ከኮሌጅ እስከ መባረር ሊያደርስ ይችላል። ኮርሱ ከከበዳችሁ ውጤት ሳይመዘገብባችሁ ጥላችሁት የምትወጡበትን የመጨረሻ ቀን ከወዲሁ ጠይቃችሁ ያዙ።

መምህሩ ለተማሪ ክፍት የሚያደርገው ሰዓትም አለ። እኛ በይሉኝታ ስንቀር ሌላው ተማሪ ገብቶ ይጠቀምበታል። ግቡ፤ «አልገባኝም» ብቻ ብላችሁ ግን አትቁሙ። የሣላችሁትን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግታችሁ «የቱ ቀስት ነው የተሳሳተው?» ብላችሁ ጠይቁ።