የነሐሴ እሳት የሚፈለጠው በኅዳር ነው

ልጆቼ፣ በተለይ ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደ ገጠር ቀበሌ የምትመደቡት፣

34 ዓመት በደን ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። የምኖረው ከደብረ ብርሃን ብዙም ሳይርቅ፣ አባቴ ከተከለው ባህር ዛፍ ጎን ነው። ጠዋት ጠዋት እንጨት እፈልጣለሁ። ልጄ «አባዬ፣ በዚህ ዕድሜህ ሰው ቅጠርና አስፈልጥ» ትለኛለች። እሺ እላታለሁ፤ መጥረቢያውን ግን ለማንም አልሰጥም።

ስለ ደን ልማት የሚነግራችሁ አታጡም። እኔ የምጽፍላችሁ ትምህርት ቤት ማንም ስላላስተማረኝ ነገር፣ ስለ ማገዶ ነው።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ለቡሄ ፈቃድ ወስጄ ቤተሰብ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ማገዶ እንዳነሳት ሳይ ኮቴን አውልቄ ሁለት ባህር ዛፍ ጣልኩ፤ ቆራርጬ፣ ፈልጬ ደጃፏ ላይ ከመርኩላት። በማግስቱ ሙልሙል ስትጋግር ጎረቤት ገባች። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች «ልጄ ነው የፈለጠልኝ» አለቻት። ደስታ ያስለቀሳት መስሎኝ ነበር። ኋላ ጎንበስ ብዬ ምድጃውን ሳይ፣ ከፍልጡ ጫፍ ነጭ አረፋ እየተንተከተከ ይወጣል። እንጨቱ ይፈላል እንጂ አይነድም። ሙልሙሉ ላዩ አርሮ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ወጣ፤ ሆያ ሆዬ የሚጨፍሩት ልጆች ሳያጉረመርሙ ወሰዱት። እናቴ ምንም አላለችኝም። ያን ቀን ቢያንስ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«በደረቅ ጦስ እርጥብ ይነዳል» ይባላል። ምድጃ ውስጥ ግን በእርጥቡ ጦስ ደረቁም ይጠፋል። አዲስ የተቆረጠ ባህር ዛፍ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። 20 ኪሎ ሸክም ይዞ የገባ ሰው ወደ 10 ሊትር የሚጠጋ ውሃ ምድጃ ውስጥ ሊጨምር ነው። እሳቱ መጀመሪያ ያን ውሃ አፍልቶ እንፋሎት ማድረግ አለበት፤ ለምጣዱ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። በዚያ ላይ እሳቱ ስለሚበርድ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይቃጠል ጭስ ሆኖ ያመልጣል። ዓይን የሚለበልበው፣ ጣራውን ጥቀርሻ የሚያለብሰው እሱ ነው። እንጨት ማገዶ የሚሆነው ውሃው ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው።

ውሃው የሚወጣው በተቆረጠው ጫፍና በተፈለጠው ፊት በኩል ነው። ቅርፊት ውሃ አያሳልፍም ማለት ይቻላል፤ ድብልብል ግንድ ቅርፊቱን እንደለበሰ ዓመት ቢቀመጥ ልቡ እርጥብ ነው። ስለዚህ የክንድ ውፍረት ያለውን እንኳ ለሁለት ክፈሉት። ባህር ዛፍ ደግሞ ትኩሱን ነው መፍለጥ፤ የእንጨቱ ጭረት እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ስለሆነ አንዴ ከደረቀ መጥረቢያውን ነክሶ አይለቅም። በእኛ ደጋ ወሩ ኅዳር ነው። ዝናቡ ቆሟል፣ ሌሊት ውርጭ፣ ቀን ደረቅ ነፋስ ነው። አጨዳና ውቂያ እንደሚደራረብ አውቃለሁ፤ ሁሉም «ይደርሳል» እያለ የሚያሳድረው ለዚህ ነው። ያሳደረ ሰው ግንቦት ላይ ፈልጦ ሐምሌ ላይ ያነዳል፤ ጭሱን የምትውጠው ግን ሚስቱ ናት ወይም እናቱ።

በግራ እግሬ አውራ ጣት ሥር ጠባሳ አለ። ግንዱን መሬት ላይ አጋድሜ፣ በእግሬ ረግጬ ስፈልጥ ስለቱ አንጓ ላይ አረፈና ተንሸራቶ መጣ። ቦቲ ባልጫማ ኖሮ ጣቴ ዛሬ አብራኝ አትኖርም ነበር። እስካሁን ብዙ ሰው እንደዚያ ነው የሚፈልጠው። አትርገጡት። ከጉልበታችሁ ዝቅ የሚል ሰፊ ጉቶ ፈልጉና ጉማጁን ከእናንተ ራቅ ባለው ጠርዝ በኩል አቁሙት፤ ምቱ ቢስት መጥረቢያው ጉቶው ላይ ይቀራል እንጂ ወደ ቅልጥማችሁ አይመጣም። እግራችሁን ከፈት አድርጋችሁ ቁሙ። ጫፉ ላይ ስንጥቅ ካለ እሱን ተከተሉ። ወፍራም ከሆነ መሃሉን አትምቱ፤ ከዳር ከዳር እያነሳችሁ ወደ ውስጥ ግቡ። አንጓ የበዛበትን ለሽብልቅ ተዉት፣ ወይም እንዳለ ለሌሊት እሳት ይሁን። እጀታው የላላ መጥረቢያ ደግሞ አታንሱ። ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሳደር የሚያጠብቀው እስኪደርቅ ድረስ ብቻ ነው። አማርኛችን ያሻውን የሚያደርግ ገዢ «ፈላጭ ቆራጭ» ይለዋል፤ አንጓ ያለው ባህር ዛፍ ፊት ስቆም ሁልጊዜ ያስቀኛል፤ እዚያ የሚያዘው እንጨቱ ነው።

ክምሩ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ እኔም ጭምር። አንድ የሠራሁበት መሥሪያ ቤት ለሥልጠና ማዕከሉ ወጥ ቤት እንጨት ገዛ። በሰኔ፣ በኪሎ፣ ትኩሱን። ከገንዘባችን ግማሹን ለውሃ ከፈልን ማለት ነው። የተረከብኩት እኔ ነኝ፤ ፊርማዬ አለበት። ዝናብ እንዳይነካው ብዬ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቅልዬ አሰርኩት። መስከረም ላይ ስንከፍተው ነጭ ሻጋታ ለብሶ፣ ላስቲኩ ከውስጥ እንደ ድስት ክዳን ያንጠባጥባል። ምግብ የሚሠሩልን እናት አይተው «ልጄ፣ ይሄ ማገዶ ነው ወይስ እንጉዳይ?» አሉኝ።

ክምር የሚሸፈነው ከላይ ብቻ ነው። ቆርቆሮ ጣሉበትና ድንጋይ ጫኑበት፤ ጎኑ ክፍት ይሁን። ከሥር ሁለት አጣና በድንጋይ ላይ አጋድሙ፣ እንጨቱ መሬት አይንካ። ነፋሱ በሚመጣበት በኩል የክምሩን ሰፊ ፊት ስጡት። ሁለቱ ጫፎች እንዳይናዱ አንዱን ረድፍ በርዝመት፣ ሌላውን በአግድም እያፈራረቃችሁ ደርድሩ፤ መሃሉ ተራ ድርድር ይበቃዋል። ከቤቱ ግድግዳ ክንድ ያህል አርቁት፤ ካልሆነ የአይጥ ቤት ሠራችሁ ማለት ነው። ጭራሮውን አትናቁት፣ ለብቻው አስራችሁ ከጣራ ሥር ስቀሉት፤ በክረምት እሳት የሚያስነሳው እሱ ነው።

ባህር ዛፍ ውሃ ይመጥጣል፣ ከሥሩ እህል አይበቅልም የሚሏችሁ አልተሳሳቱም፤ ምንጭ አጠገብና እርሻ ዳር አትትከሉት። ግን ታሪኩንም አትርሱ። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ ለማገዶና ለቤት እየተቆረጠ ስላለቀ ዳግማዊ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ አስበው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትቀር ካደረጉት አንዱ ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ ዛፍ ነው። ዛሬም ወይራውና ጽዱ የተረፈበት ቦታ ካለ፣ አንዱ ምክንያት ባህር ዛፉ ስለተቆረጠለት ነው።

ስትቆርጡ ጉቶውን ከመሬት 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስቀሩ፤ ዝናብ እንዳይቋጥር ዘመም አድርጋችሁ፣ ቅርፊቱን ሳትልጡ። ቡቃያው የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ነው። ብዙ ያወጣል፤ በዓመቱ ጠንካራውን ሁለት ወይም ሦስት አስቀርታችሁ ሌላውን መልምሉ። አባቴ ከተከላቸው ጉቶዎች አንዳንዶቹ አሁን አራተኛ ቁርጣቸው ላይ ናቸው።

መድረቁን በምን ታውቃላችሁ? ሁለት ፍልጥ አጋጩ። እርጥቡ ዱብ ይላል፤ ደረቁ እንደ ከበሮ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ አለው። እኔ ግን ባለሙያ ነኝና ሚዛን አለኝ። በየዓመቱ ከክምሩ መሃል አንዲት ፍልጥ መርጬ በከሰል ምልክት አድርጌ በየሁለት ሳምንቱ እመዝናታለሁ፤ መቀነስ ስታቆም ክምሩ ደርሷል። የዘንድሮዋ ኅዳር 10 ቀን 4 ኪሎ ከ200 ግራም ነበረች። ትናንት 3 ኪሎ ከ100 ሆናለች። ገና ናት።